የጠወለገ ሁሉ የጠማው አይደለም

እስካሁን ሁለት አበቦች በእጄ ሞተዋል፤ አንዷ በውሃ፣ ሌላዋ በሳሙና። ሦስተኛዋን ደግሞ በሕይወት እያለች አውጥቼ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጣልኳት። ዛሬ ቤቴ ውስጥ ስድስት ቫዞ አበባ ተደርድሯል። ጎረቤቶቼ «እጅሽ ለአበባ ይሆናል» ሲሉኝ ሳቄ ይመጣል፤ ቀድመው የወጡትን ሬሳዎች አላዩማ። የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሬ እነግራችኋለሁ፤ ከስህተቶቼ መካከል አንዱን እንኳ ብትዘሉት የጻፍኩበት ጊዜ አይቆጨኝም።

በ2013 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ነው ወደ ኮንዶሚኒየም ቤት የገባሁት። ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን በረንዳው ወደ ምዕራብ ይመለከታል። ሲሚንቶው ዓይኔን ስላስጠላኝ መንገድ ዳር ችግኝ ከሚሸጥ ወጣት አንዲት ደማቅ ሮዝ አበባ ገዛሁ። ምን እንደምትባል ስጠይቀው «የጥላ አበባ ናት» አለኝ። ልብ ብዬ ሰምቼው ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። እኔ ግን ዓይኔ ቀለሟ ላይ ነበርና ቃሉን እንደ ስም ብቻ ወሰድኩት። ለእሷ የሚመጥን ብዬ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ የሸክላ ዕቃ ገዛሁና ከነፕላስቲኳ ውስጡ አስቀመጥኳት። ዕቃው ከሥሩ ቀዳዳ አልነበረውም። ቀዳዳ እንደሚያስፈልገውም አላሰብኩም፤ እንዲያውም ወለሉን ስለማያረጥብ ተመቸኝ።

ስሟ ኢምፓሸንስ መሆኑን ያወቅሁት ከሞተች በኋላ ነው። ቃሉ ላቲን ሲሆን «ትዕግሥት የለሽ» ማለት ነው፤ የስሙን ምክንያት እናቴ ባልጠበቅሁት መንገድ አሳይታኛለች፤ እደርስበታለሁ። በየችግኝ መሸጫው የምናያት ይህች ዓይነት የምሥራቅ አፍሪካ ተወላጅ ናት፤ ከኬንያ እስከ ሞዛምቢክ ባለው አገር ርጥበት ባለው የደን ጥላ ሥር ትበቅላለች። ግንዷን በፀሐይ አንጻር ብታዩት ውሃ እንደ ሞላ ቀጭን ብርጭቆ ብርሃን ያሳልፋል። ከዚያ ጥላ ያወጣኋትን አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ባለ ከተማ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ እስክትጠልቅ ድረስ ፀሐይ የሚያርፍበት ሲሚንቶ ላይ አኖርኳት።

በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ጠውልጋ፣ ቅጠሎቿ ሁሉ እንደ ረጠበ ጨርቅ ተንጠልጥለው አገኘኋት። ደንግጬ አንድ ጆግ ውሃ ገለበጥኩባት። ቡና አፍልቼ ሁለተኛው ሳይቀዳ ቀና አለች! እንደዚያ ዓይነት ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። ልጆች ጠርቼ ሁሉ አሳየሁ። ያ ትርዒት ግን የተሳሳተ ትምህርት አስተማረኝ፤ ጠወለገች ማለት ጠማት ማለት ነው፣ መድኃኒቷም ውሃ ነው ብዬ ደመደምኩ። የመጀመሪያውን ቀን ትክክል ነበርኩ። የሳትኩት ከዚያ በኋላ ነው።

አዲስ አበባ የሚኖር ሰው የውሃን ፈረቃ ያውቃል። በእኛ ሕንፃ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣ ነበር። በዚያ ቀን ጀሪካኑ ይሞላል፣ ልብስ ይታጠባል፣ ወለል ይወለወላል፤ በዚያው ወኔ አበባዋም እስክትጠግብ ትጠጣለች። ውሃ በማይኖርበት ቀን ደግሞ ከሰዓት በኋላ ስትጠወልግ እያየሁ አንጀቴ ስለማይችል ከጀሪካኑ ቀንሼ እጨምርላታለሁ። አሁን ሳስበው የማጠጣት በእሷ ጥም ሳይሆን በቧንቧው ፕሮግራም እና በእኔ ርኅራኄ ነበር።

ግንቦት ላይ መጠውለጓ ጠዋትም ሆነ። ውሃ ሰጠኋት፤ አልተነሣችም። ደግሜ ሰጠኋት። የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው በነካኋቸው ቁጥር ይረግፉ ጀመር። አንድ እሑድ ግንዷን ከአፈሩ አጠገብ ስይዘው እንደ በሰለ ሙዝ ጣቴ ሥር ላመ፤ ቀለሙም ቡናማ ነበር። ፕላስቲኩን ከሸክላው ውስጥ አነሣሁት። ከሥሩ አራት ጣት የሚሆን ጥቁር ውሃ ተኝቷል፤ ሽታው ሳይታጠብ የከረመ የጠላ ጋን ነው። ሥሯ በዚያ ውስጥ ለሁለት ወር ያህል ተዘፍዝፎ በስብሶ ኖሯል። ሥር ከሌላት ደግሞ ውሃ መሐል ቆማ ውሃ መጠጣት አትችልም፤ ስለዚህ ትጠወልጋለች፤ እኔም ጠማት ብዬ እጨምራለሁ። እስክትሞት ድረስ በዚህ ስንሽከረከር ነበር።

ስለዚህ አበባችሁ ስትጠወልግ መጀመሪያ ጆጉን አስቀምጡትና ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገቡ። ደረቅ ከሆነ እውነትም ጠምቷታል፤ አጠጧት፣ ትነሣለች። እርጥብ ከሆነ ሰዓቱን ተመልከቱ። በጠራራ ፀሐይ ከሆነ ቅጠሉ የሚያተነውን ያህል ሥሩ መሳብ አቅቶታል ማለት ነው፤ ወደ ጥላ አውጧትና ተዋት፣ ማታ ላይ በራሷ ቀና ትላለች። አፈሩ እርጥብ ሆኖ በማለዳም ከጠወለገች ግን ሥሯ ታሟል፤ አንዲት ጠብታ አትጨምሩ። ከጣት በተሻለ ደግሞ ክብደቷን እመኑ። ካጠጣችኋት በኋላ ቫዞውን አንሡትና እጃችሁ ክብደቱን ይወቀው፤ ደረቁ ጊዜም አንሡት። ከሁለት ሳምንት በኋላ እጃችሁ ራሱ ይነግራችኋል። ቫዞው ከሥሩ ቀዳዳ ይኑረው፤ ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውንም ውሃ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ድፉት።

ሁለተኛዋን በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነጭ አበባ ያላት ገዛሁ። በዚህ ጊዜ ጎበዝ ሆኛለሁ። ቀዳዳ ያለው ቫዞ፣ ከጥቁር አፈር ጋር የተደባለቀ አሸዋና ብስባሽ፣ ቦታዋም የጠዋት ፀሐይ እስከ 4 ሰዓት ድረስ ብቻ የሚያገኘው የወጥ ቤቱ መስኮት። ይህ ቦታ እስከ ዛሬ አልተቀየረም፤ ለኢምፓሸንስ የጠዋት ሁለት ሦስት ሰዓት ፀሐይ ይበቃታል። ጭራሽ ጨለማ ውስጥ ብታስቀምጧት ደግሞ ብርሃን ፍለጋ ትመዘዝና ጥቂት ቅጠል እንጂ አበባ አታሳያችሁም። ውሃውንም በጣቴ እየለካሁ ነበር የማጠጣት። እስከ ታኅሣሥ ድረስ አማረባት።

ጥር ላይ አንድ ጠዋት በቅጠሎቿ ዳርና በቅጠል አንገቶቿ ላይ ጥቃቅን፣ የሚያብረቀርቁ፣ እንደ ስኳር ፍሬ ያሉ ነጠብጣቦች አየሁ። በቃ፣ የተባይ ዕንቁላል ነው አልኩ። ማንንም ሳልጠይቅ የልብስ ማጠቢያ ዱቄት በውሃ በጥብጬ፣ አረፋው እስኪወጣ መትቼ፣ በቀትር ፀሐይ ላይ ታችና ላይዋን ረጨኋት። በማግሥቱ የቅጠሎቿ ጫፍ እሳት እንደነካው ወረቀት ተጠቅልሎ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግማሽ ቅጠሏ ወለሉ ላይ ነው።

ዕንቁላል መስሎኝ የነበረው ነገር ስኳር ነበር። እንደ ተረት የምነግራችሁ እንዳይመስላችሁ፤ ኢምፓሸንስ ከአበባዋ ውጪ በቅጠል አንገቶቿና በቅጠሎቿ ጥርሶች ላይ ጣፋጭ ፈሳሽ የሚያወጡ ጥቃቅን ዕጢዎች አሏት፤ ፈሳሹ ሲደርቅ እንደ ስኳር ፍሬ ይሆናል። በሽታ አይደለም፣ ተባይም አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር ስታዩ በጣታችሁ ንኩት፤ ተጣብቆ በውሃ የሚሟሟ ከሆነ ተዉት። እውነተኛው ተባይ ሌላ መልክ አለው። በደረቁ ወራት ቅጠሉ መርፌ እንደነካው በጥቃቅን ነጭ ነጥቦች ተሞልቶ፣ በቅጠሉ ሥር ቀጭን ድር ካያችሁ፣ ከሸረሪት ወገን የሆኑ ለዓይን በጭንቅ የሚታዩ ተባዮች ገብተዋል። እነሱንም ቢሆን በመጀመሪያ የቅጠሉን ታች በንጹሕ ውሃ አጥቡት፤ በየሦስት ቀኑ ብትደጋግሙት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሳሙና ካስፈለገም ጥቂት ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና በአንድ ሊትር ውሃ፣ ያውም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ያውም በአንድ ቅጠል ላይ ሞክራችሁ። የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ለልብስ ይቅር።

ነገሩን የለወጡልኝ አንደኛ ፎቅ የሚኖሩ፣ እትዬ እያልኩ የምጠራቸው ጎረቤቴ ናቸው። ድሮ ችግኝ ጣቢያ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ደረጃ ላይ ቫዞዋን ይዤ ወደ ቆሻሻ ስወርድ አገኙኝ። «ወዴት ነው?» አሉ። ሞተች አልኳቸው። ቫዞውን ተቀብለው አገላበጡና «ጫፏ አረንጓዴ አይደል እንዴ? ቤት ግቢና መቀስ አምጪ» አሉኝ። ከላይ ያልተቃጠሉትን ሦስት ቀንበጦች አንድ ስንዝር ሳይሞላ፣ ከአንጓቸው ትንሽ ዝቅ አድርገው ቆረጡ። የታችኞቹን ቅጠሎች አራገፉ፤ አበባና እምቡጥም ሲኖር ቆነጠሩት፣ «ሥር ሳታበቅል ልታጌጥ አይገባትም» እያሉ። ቀንበጦቹን ውሃ ባለበት የሻይ ብርጭቆ ውስጥ አቆሟቸው። «ውሃውን በየሁለት ቀኑ ቀይሪ፤ ፀሐይ ላይ አታስቀምጪያቸው፤ በየሰዓቱ ደግሞ አትጎብኛቸው።»

የመጨረሻውን ትእዛዝ አላከበርኩም። በስምንተኛው ቀን ከአንጓው ላይ እንደ ነጭ ክር ያሉ ሥሮች ወጥተው አየሁ። ሁለት ጣት ሲሞሉ ወደ አፈር አዛወርኳቸው። አንዱ ሞተ፣ ሁለቱ ጸደቁ። አሁን ቤቴ ያሉት ሮዝና ቀይ ሳይሆኑ ሁሉም ነጭ የሆኑት የእነዚያ የሁለቱ ልጆችና የልጅ ልጆች ስለሆኑ ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትወስዱ ይህን ውሰዱ፤ ኢምፓሸንስ ከሥሯ እየሞተች እንኳ ጫፏ አረንጓዴ ከሆነ ትድናለችና ሳትጥሏት በፊት ቀንበጥ ቁረጡላት። ጤነኛ ሆና ሳለችም በየጊዜው አንድ ሁለት ቀንበጥ በብርጭቆ ይኑራችሁ። ገንዘብ ባንክ እንደማስቀመጥ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ስህተቶች ትንንሽ ናቸው። ግንዷ ረዝሞ አናቷ ላይ ብቻ አበባ ሲቀር ለመቁረጥ አልጨከንኩም ነበር፤ እትዬ በመቀስ ግማሹን ሲገምጡት ልቤ ተነቀለ፣ በወሩ ግን ከየአንጓው አቆጥቁጣ ቁጥቋጦ ሆነች። አንድ ጊዜ ደግሞ ከገጠር የመጣ ዩሪያ በማንኪያ ጨመርኩላት፤ ቅጠሏ ጎመን አከለ፣ አበባ ግን ለሁለት ወር አላየሁም። አሁን በደንብ የበሰበሰ ፍግ በእፍኝ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የምጨምረው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ሲበርድ ከመስኮቱ ወደ ውስጥ አስገባታለሁ፤ ውርጭ ከነካት አትተርፍም።

አሁን ወደ እናቴ። በ2015 ዓ.ም. ለመስቀል ከደብረ ማርቆስ አካባቢ መጣች። ገና ጋቢዋን ሳታስቀምጥ ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት ሄዳ አበባዋን ታገላብጥ ጀመር። አበባውን ገልብጣ ከጀርባው የምትወጣውን ቀጭን ጅራት አየች። ቀጥላ ከአበቦቹ መካከል ያበጠች አረንጓዴ ፍሬ ፈልጋ በሁለት ጣቷ ቆነጠጠቻት። ፍሬዋ ጠሽ ብላ ፈነዳች፤ ልጣጯ እንደ ጥምዝ ክር ተጠቀለለ፣ ዘሮቿም መስታወቱን መቱት። እናቴ እንደ ልጃገረድ ሳቀች። «ይህቺ የእንሶስላ እህት ናት!» አለች። «ወንዝ ዳር በዚህ ስንጫወት ነው ያደግነው።»

እኔ እንሶስላን የማውቀው በእጅና በእግር ላይ ብቻ ነበር፤ ሙሽራ ስትሞቀው፣ አሮጊቶች ለዓመት በዓል ጥፍራቸውን ሲያቀሉበት። ተክሉ አበባ እንዳለው እንኳ አስቤ አላውቅም። እናቴ ግን ትክክል ነበረች። አንዳንዱ ገጠር ጉርሽጥ የሚለው እንሶስላ ኢምፓሸንስ ነው፤ የሳይንስ ስሙ ኢምፓሸንስ ቲንክቶሪያ ሲሆን ሁለተኛው ቃል «ማቅለሚያ» የሚል ትርጉም አለው። የአገራችን ደጋ ተክል ነው። «ትዕግሥት የለሽ» የሚለውም ስም የመጣው ከዚያች ስትነካ ከምትፈነዳው ፍሬ ነው። በመንገድ ዳር አበባ አንድ ዓመት ተኩል ስደክም የቅርብ ዘመዷ በእናቴ አጥር ሥር ነበረች።

ግንቦት ላይ በኮባ ቅጠል የተጠቀለሉ ሁለት የእንሶስላ ሥሮች ተላኩልኝ፤ ትንንሽ ስኳር ድንች ይመስላሉ። ጥልቀቱ ከአንድ ክንድ የማያንስ ቫዞ አዘጋጀሁ፤ ሥሩ ወደ ታች ይወፍራልና ለመንገድ ዳሯ አበባ የሚበቃው ትንሽ ቫዞ ለእሱ አይሆንም። ቡቃያው ያለበትን ጎን ወደ ላይ አድርጌ በአራት ጣት አፈር ሸፈንኩት። ክረምቱ ሲገባ ወጣ፤ በነሐሴ ከወገቤ በላይ ሆነ። መስከረም ላይ አበበ። አበባው ትልቅ ነጭ ነው፤ ጉሮሮው ላይ ወይን ጠጅ ቀለም አለው፣ የጀርባው ጅራት ደግሞ ከአበባው ይረዝማል። ቀን ምንም አይሸትም። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ግን በረንዳውን በር ስከፍት ሽታው ሳሎን ድረስ ይገባ ነበር፤ አንድ ማታም ትልቅ የእሳት እራት በአየር ላይ ቆሞ ምላሱን ወደ አበባው ሲዘረጋ አይቻለሁ።

ኅዳር ላይ ቅጠሉ ቢጫ መሆን ጀመረ። የመጀመሪያዋ አበባዬ ትዝ አለችኝ። ውሃ በዛ አልኩና ቀነስኩ፤ ባሰበት። ቀነሰ አልኩና ጨመርኩ፤ ግንዱ ከሥሩ ላመ፣ ከዚያም ወደቀ። በታኅሣሥ አጋማሽ ቫዞው ላይ ከደረቀ አገዳ በቀር የቀረ ነገር አልነበረም። እትዬ በዚያ ሰሞን ልጃቸው ጋ አዋሳ ሄደው ነበር፤ ደውዬ ልጠይቃቸው እችል ነበር፣ አፈርኩ። ሁለተኛ ጊዜ በውሃ ገደልኩ ብዬ ማን ይናገራል? አፈሩን ከነምኑ ጆንያ ውስጥ ገልብጬ ቆሻሻ ገንዳው ጋ ወሰድኩት።

በሳምንቱ ለእናቴ ስደውል ጠየቀችኝ። ሞተ አልኳት። «ምን ሆኖ?» ደረቀ አልኳት። ዝም አለች። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «እማዬ?» ስል፣ «ልጄ» አለች፣ «በበጋማ ሁልጊዜም ይደርቃል። ተኝቶ ነበር እኮ።»

አልተቆጣችም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሮጬ ወረድኩ፤ ገንዳው ከተነሣ አራት ቀን ሆኖታል።

ስለዚህ እንሶስላ በቫዞ የምትተክሉ ሰዎች፣ ካሌንደራችሁን ከእኔ ውሰዱ። ከክረምት ጋር ይበቅላል፣ መስከረምና ጥቅምትን ያብባል፣ ከኅዳር ጀምሮ ከላይ ያለው ሁሉ ይደርቃል። ቢጫ መሆን ሲጀምር ውሃውን ቀስ በቀስ ቀንሱና አቁሙ። አገዳው ሲደርቅ ከአፈሩ ጋር እኩል ቁረጡት። ቫዞውን ዝናብና ፀሐይ የማያገኘው ጥግ ላይ አስቀምጡት፤ አፈሩ ጭራሽ አመድ እንዳይሆን በወር አንድ ጊዜ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ እኔ እረጭበታለሁ። ሞቷል ወይስ ተኝቷል የሚለውን ለማወቅ ከፈለጋችሁ አፈሩን በጣት ገለጥ አድርጋችሁ ሥሩን ጫን በሉት፤ እንደ ድንች ጠንካራ ከሆነ ተኝቷል፣ ከላመና ከሸተተ ሞቷል። ከዚያ መልሳችሁ ሸፍኑትና ራቁት። «እንሶስላ፤ አትጣል» የሚል ወረቀት ቫዞው ላይ ለጥፌያለሁ፤ ቤት ለማጽዳት ለምትመጣው ልጅ ብዬ ነው የምለው፣ በእውነቱ ግን ለራሴ ነው። እናቴ በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ሌሎች ሁለት ሥሮች ላከችልኝ።

ሜሪላንድ የምትኖረው እህቴ የእኔን ነጭ አበባ በፎቶ ካየች በኋላ እዚያ ገዝታ ነበር። እዚያ የሚገጥማት ሌላ ነው። በመጀመሪያው በጋ ቅጠሉ ወደ ታች ተጠቅልሎ፣ ከሥሩ ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ሻጋታ ያዘውና በሁለት ሳምንት ውስጥ ባዶ ግንድ ሆኖ ቀረ። ይህ በሽታ በእንግሊዝ በ2003፣ በአሜሪካ ደግሞ በ2011 እና በ2012 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሰፊው የተነሣና ብዙ የአበባ መደብ ያራቆተ ነው። መድኃኒት አትፈልጉለት፤ ተክሉን ከነአፈሩ በላስቲክ አስራችሁ ጣሉት፤ ቀንበጥም አትቁረጡለት፤ በዚያው አፈርም ይህችኑ ዓይነት ኢምፓሸንስ አትድገሙ። እህቴ በምትኩ የኒው ጊኒ የሚባለውን ዓይነት ተከለች፤ ቅጠሉ ረዘም ይላል፣ በሽታውን ይቋቋማል። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መውረድ ሲጀምር ወደ ቤት ታስገባዋለች፤ ከማሞቂያው ርቆ መቀመጥ አለበት፣ ደረቅ ሙቀት ያንን ድር ሠሪ ተባይ ይጠራልና። ገልፍ አገር ያላችሁም ከአየር ማቀዝቀዣው ፊት ለፊት አታስቀምጡት።

ይህችው እህቴ ባለፈው ጥር አገር ቤት መጥታ ተዳረች። እናቴ ቀደም ብላ ደወለችልኝና «ያንቺ እንሶስላ ስንት ዓመቱ ነው?» አለች። ሁለተኛውን ክረምት ጨርሶ ተኝቷል አልኳት። «እንግዲያው ይበቃል፤ አውጪው።» ሆዴ ባር ባር አለ። ቫዞውን ጋዜጣ ላይ በጎኑ አስተኝቼ አፈሩን በእጄ ስፈልግ የተከልኳቸው ሁለት ሥሮች አምስት ሆነዋል፤ አንዱ እንደ ጡጫዬ ነው። ትልልቆቹን ሦስቱን ወሰድኩ፣ ሁለቱን ወደ አፈራቸው መለስኩ። ለሥሩ ማውጫ ጊዜው ይህ ነው፤ ተክሉ ሲተኛ እንጂ ሲያብብ አይነካም።

በሰርጉ ዋዜማ ማታ እናቴ ሥሩን አጥባ፣ ልጣጩን ፍቃ፣ በሙቀጫ ወቀጠችው። መጀመሪያ ለሙሽሪት፣ ከዚያ ለእኛ፣ በመዳፍና በጥፍር ላይ እያደረገች በጨርቅ አሰረችው። «እስኪነጋ እንዳትፈቱት» አለች። ቆዳችሁ ቶሎ የሚቆጣ ከሆነ ቀድማችሁ ክንዳችሁ ላይ በጥቂቱ ሞክሩት። የእህቴ እጅ ጠዋት ሲፈታ እንደ በርበሬ ቀልቶ ወጣ። የእኔም ቀኝ እጄ እንደዚያው ሆነ። ግራው ግን ከመዳፉ መሐል ላይ ወይቦ ቀረ፤ ሌሊት ስልክ ጮኾ ላነሣው ብዬ ፈትቼው ነበር። የደወሉት እትዬ ናቸው፣ በረንዳ ላይ የረሳኋትን ነጯን አበባ ውርጭ ሳይነካት እንዳስገባት።